በሰማንያ ሰባት ዲግሪ የሚፈላ ውሃ

ሟቹ በአየር ጠባይ መመልከቻው ጣቢያ ደጃፍ በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። የተመታበት ነገር ግን አልተገኘም።

ተራራው አናት ላይ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ ሟቹና እዚያው ያረጀው ባልደረባው። ሽማግሌው እንዳለው፣ ስንቅ የሚያመላልሰው ሾፌር ያን ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። ሾፌሩ ታሰረ። ክስ ሊመሠረትበት አንድ ቀን ቀርቶታል።

መርማሪዋ በማግስቱ ወጣች።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ፣" አላት ሽማግሌው። "ሦስት ሰዓት ላይ ባቄላ ጣድኩ። ከምድጃው ሥር ንቅንቅ አላልኩም። አራት ሰዓት ላይ ሲበስል አወጣሁና ልጠራው ብል፣ ወድቋል።"

"በየትኛው ድስት፣ ጋሼ?"

በአገጩ ወደ አንድ ክዳን አልባ ድስት አመለከታት። "ያለን እሱው ነው።"

ሳህን ላይ የተረፈውን የትናንቱን ባቄላ በጣቷ ጫን አደረገችው። ፍርክስ አለ። ባቄላው ከወጣበት ጆንያ ዘግና በዚያው ድስት ጣደች። ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትር ነከረችበት። ሰማንያ ሰባት።

ለሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

"ሰው አብሮኝ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፣" አለ ሽማግሌው።

አንዷን ፍሬ ነከሰቻት። ጠጠር ናት።

"ታች ከተማ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል፣" አለች። "እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በሰማንያ ሰባት ይፈላል። እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የእርስዎ ባቄላ በአንድ ሰዓት የበሰለው እንፋሎት በሚያምቅ፣ ክዳኑ በሚቆለፍ ከባድ ድስት ነው። የት ገባ?"

"እኔ ደግሞ ባቄላውን የጣደችው ርቧት ነው ብዬ፣" አለ ሽማግሌው።

ድስቱን አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ከጣቢያው አጠገብ ካለው ገደል ሥር አወጡት። እጀታው ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል። መርማሪዋ ሾፌሩ እንዲፈታ በሬዲዮ ተናገረች።

"ለባልደረባዬ የዝውውር ደብዳቤ መጣለት፣" አለ ሽማግሌው። "ዛሬውኑ ካልወሰድከኝ ብሎ ነው ከሾፌሩ ጋር የተጨቃጨቀው። ሾፌሩ ነገ ብሎት ወረደ። እሱ እያፏጨ ሻንጣውን ይዞ በእግሩ ሊወርድ ተነሳ። ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ ሄዶ፣ ሁለት ክረምት ከግድግዳ ጋር አውርቻለሁ። ተው አትሂድ አልኩት። ሳቀብኝ።"

ካቴናው እጁ ላይ ገባ።

"እስር ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ነው?"

"ሠላሳ ይሆናል።"

ካፖርቱን እስኪደርቡለት አልጠበቀም። ቀድሟቸው ወደ መኪናው ወረደ።