ሰማይ የሰረቀች ልጅ

ፍንጭት አሥር ዓመቷ ነው። በፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ስላለ ነው እንዲህ የሚሏት። በዚያ ክፍተት ማፏጨት ስለምትችልበት ስሟን ትወደዋለች። የምትኖረው ሰው በሚበዛበት ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ግማሿን የእናቷ የስፌት መኪና ይዞታል። በቀረችው ግማሽ ላይ እናቷ፣ እሷና የስድስት ዓመት ታናሽ እህቷ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ታናሽየዋን ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ ይሏታል።

ያን ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። በዓል ስለደረሰ ከተማው በሙሉ ለገበያ ወጥቷል። መርፌ ቢወረወር መሬት አይወድቅም። እናታቸው የሰው ልብስ ለበዓሉ ለማድረስ ስትጣደፍ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ትቆጣቸዋለች።

«ጨርቁን እንዳትረግጡብኝ! ሂዱ፣ ደረጃው ላይ ተጫወቱ!»

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራቸው ደግሞ አንድ ሥራ ሰጥተዋቸው ነበር። «የሚመጣው ሰንበት እያንዳንዳችሁ በዚህ ከተማ ያያችሁትን አንድ የሚያምር ነገር ትነግሩናላችሁ። አትግዙ፣ አትቅጠፉ። አይታችሁ ብቻ ኑ» አሉ።

ፍንጭት ከንፈሯን ጣለች። «እዚህ ምን የሚያምር ነገር አለ? አቧራና ክላክስ!» አለችና ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ገመድ ስትዘል ከረመች። ጭራሮ ግን ባልዲ ደፍታ እሱ ላይ ትወጣና በደረጃው መስኮት ወደ ታች ስታይ ትውላለች።

ቅዳሜ ማታ ጭራሮ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ወደ እህቷ ጆሮ ተጠጋች።

«ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ሰማይ በሰው መሀል ሲሄድ አየሁ።»

«ተኚ አንቺ፣ አትቀባጥሪ!»

«እውነቴን ነው! ሁለት ተሸካሚዎች ትልቅ የቁም መስታወት ጭንቅላታቸው ላይ አጋድመው ይሄዳሉ። ከላይ ሆኜ ሳየው መስታወቱ ውስጥ ሰማዩ አለ። ደመናውም አለ። ያ ሁሉ የሚጋፋ ሰው ‹እለፉ፣ እለፉ› እያለ መንገድ ለቀቀላቸው። ለሰማዩ እኮ ነው የለቀቁለት!»

ፍንጭት ዝም አለች። የሚያምር ነገር እንደሆነ ገብቷታል። እሷ ያየችው ነገር እንደሌለም ያን ጊዜ ትዝ አላት።

በማግስቱ ልጆቹ ተራ በተራ ተነሱ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እርግቦች ከጣሪያ በላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲታጠፉ ማየቷን ተናገረች። ተጨበጨበላት። ቀጥሎ የፍንጭት ተራ ደረሰ።

«ምንም አላየሁም» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አያደክምም። ግን ሁሉም አፍጥጠው ያዩዋታል። ፍንጭት ፊት ለፊት፣ ትንንሾቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ያለችውን እህቷን ላለማየት ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ዓይኗን በጨው ታጥባ እንዲህ አለች፦

«ሰማይ በሰው መሀል ሲሄድ አየሁ።»

ተሸካሚዎቹን፣ መስታወቱን፣ ደመናውን፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። መምህሩ «ይህን ያየ ዓይን ይባረክ!» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፍንጭት ስትቀመጥ ጆሮዋ እሳት ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ጭራሮን ጠሯት። ተነሳች። እህቷን አየቻት። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«ምንም አላየሁም» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ዓይንሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» አለ አንዱ። ልጆቹ ሳቁባት። ጭራሮ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ጎተት አድርጋ ተቀመጠች። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ኖሮ «ሌባ!» ብላችሁ ጣሪያውን ትሰነጥቁት ነበር፤ አውቃችኋለሁ። እሷ ግን በእህቷ ላይ አፍ አላወጣችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጭራሮ ቀስ ብላ ጠየቀች። «አንቺም አይተሽው ነበር እንዴ?»

ጥፋትን ለማቅናት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል? ፍንጭት ግን «አዎ» አለች።

«ታዲያ ማታ ስነግርሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ፍንጭት እርምጃዋን አፈጠነች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭራሮ ባልዲው ላይ አልወጣችም። የስፌት መኪናው ስር ተቀምጣ የክር ቁርጥራጭ ትለቅማለች። ማታ ማታም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

«መስኮቱ ጋ አትሄጂም?» አለቻት ፍንጭት።

«ሄጄ ምን ላደርግ?»

ይቺ መልስ ፍንጭትን ከጥፊ በላይ አመመቻት። እስከዚያ ድረስ ስርቆት ማለት እርሳስ ወይም ከረሜላ መውሰድ ብቻ ይመስላት ነበር። የሰረቀችው ነገር በእጅ የሚያዝ፣ እንደ እርሳስ ያለ ቢሆን፣ ሳይነቃባት ቦርሳ ውስጥ ትመልሰው ነበር። ይሄን ግን የት ትመልሰው? ማታ ስትጸልይ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ዘላ ታልፈዋለች። አፈረች። እናቷ ቀና ብላ ስታያት እንኳ ያወቀችባት ይመስላታል።

እናቷ ግን «ምን ሆናችኋል እናንተ? ቤቱ ጭር ሲልብኝ መኪናዬ የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ፍንጭት አንድ መላ መጣላት። አንድ የሚያምር ነገር ፈልጌ እሰጣትና እንካካሳለን አለች። መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ጭንቅላት፣ ጃንጥላ፣ የመኪና ጣሪያ። እግሯ እስኪደነዝዝ ቆየች።

አንዲት አሮጊት ከአውቶቡስ ሲወርዱ አንድ ጫማቸው ውስጥ ቀረ። በራፉ ተዘጋ፣ አውቶቡሱም ተነሳ። የአውቶቡሱ ረዳት ጫማውን በመስኮት አውጥቶ ለአንድ መንገደኛ አቀበለ። መንገደኛው ለፍራፍሬ ሻጯ ሰጣት፤ ሻጯ ለአንድ ወታደር፣ ወታደሩ ልጅ ላዘለች ሴት። ጫማው በሰው ጭንቅላት ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ምሰሶ ይዘው በአንድ እግራቸው ወደቆሙት አሮጊት ደረሰ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። ጫማውን ያቀበሉት የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። ፍንጭትም ብቻዋን ሳቀች።

ሮጣ ገባችና ለጭራሮ ሁሉንም ነገረቻት።

«ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን! ለሰንበት ‹አየሁ› ብለሽ ተናገሪ።»

ጭራሮ ግራ ገባት። «እኔ እኮ አላየሁትም። ያላየሁትን እንዴት አየሁ እላለሁ?»

ለነገር ብላ አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ፍንጭት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንካካሳለን ብላ እህቷንም ልታስዋሻት ነበር!

ሰንበት ደረሰ። ፍንጭት ሳትጠራ ተነሳች።

«ባለፈው የተናገርኩትን አላየሁትም። ያየችው ጭራሮ ናት። ለእኔ ብቻ ነግራኝ ሰረቅኳት። ሲሳቅባትም ዝም አልኩ።»

ያጨበጨቡላት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ወይ ጉድ!» አለች። ፍንጭት አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ጠብ አለ። መምህሩ አልተቆጧትም። «ይቅርታ የምትጠይቂው እኔን አይደለም» አሉና ወደ ትንንሾቹ አግዳሚ አመለከቷት።

ፍንጭት ሄዳ እህቷ ፊት ተንበረከከች። «ይቅር በዪኝ፣ ጭራሮዬ።»

«እሺ። ግን ሁለተኛ እንዳትወስጂብኝ» አለች ጭራሮ።

«አሁን አንቺ ንገሪን» አሉ መምህሩ።

ጭራሮ ተነሳች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ግን ጠራ። ስለ መስታወቱ ተናገረች፣ መንገድ ስለለቀቁትም ሰዎች። ከዚያ ፍንጭት ያላወቀችውን ነገረቻቸው።

«ተሸካሚዎቹ ልክ በእኛ መስኮት ስር ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማዩ ውስጥ፣ ከደመናው አጠገብ፣ እኔም ነበርኩ። ለዚያችኛዋ እኔ እጄን አወዛወዝኩላት። እሷም አወዛወዘችልኝ።»

የሚስቅ ልጅ አልነበረም። ፍንጭት እንደተንበረከከች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሰማዩን ስትሰርቅ እህቷም ውስጡ እንደነበረች አላወቀችም ነበር።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችን የምናይበት ዓይን ሰጥቶናልና በራሳችን ዓይን እንይ፤ ሌላው ያየውን የእኔ ነው ብለን አንውሰድበት።