ዳማ የሚቀሰቅስበት ሰዓት

ስንዱን ሁልጊዜ የሚቀሰቅሳት ዳማ ነበር። የደብረ ብርሃን ጭጋግ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሳይነሣ፣ የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ፣ ውሻው የበረንዳውን በር በጥፍሩ ጫር ጫር ያደርጋል። እሷም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትከፍትለታለች፣ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ከዚያ እናቷን ወይዘሮ ዘርፌን ልታጣጥብ ትገባለች። ወይዘሮ ዘርፌ የዓይናቸው ሞራ ከተነሣላቸው ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በፋሻ ተሸፍነው ነው የሚውሉት። ሐኪሙ ስንዱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ምንም ቢመጣ እንዳያለቅሱ» ብሏታል።

አሁን ግን ውሻው ሰዓቱን ስቷል።

«ይሄ ውሻ ድቁና ተቀበለ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ አንድ ጠዋት። «ከቄሶቹ ቀድሞ ነው እኮ የሚቀሰቅሰን!»

ስንዱ ለይስሙላ ሣቅ ብላ የእናቷን እጅ ማጠቧን ቀጠለች። ዳማ መረበሽ የጀመረበትን ቀን ታውቀዋለች።

ባሏ ደጀኔ ከአፋር መንገድ የተመለሰ ዕለት ነው። ደጀኔ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ታናሽ ወንድሟ ክንፈ ደግሞ ረዳቱ ነበር። ያን ቀን ገና ሳይነጋ ውሻው አላዘነ። በሩን ስትከፍት ደጀኔ ብቻውን ቆሟል፤ ልብሱ ናፍታና እርጥብ አፈር ይሸታል።

«መኪናው ተገለበጠ፤ ክንፈ አልተረፈም» አላት። ጩኸቷን ሳይወጣ በመዳፉ አፈነው፤ መዳፉ ሌሊት ደጅ እንዳደረ ብረት ይቀዘቅዝ ነበር። «እሱ ቀርቶ እኔ ስመጣ፣ እናትሽን በምን ዓይኔ አያለሁ? መምጣቴን ለማንም አትንገሪ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መርዶ ነጋሪዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። ስንዱ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«ሰምቻለሁ ጋሽዬ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እማዬ አሁን ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል። እባካችሁ፣ ፋሻው እስኪፈታ ድረስ በእግዜር!»

«ልጄ፣ ማን ነገረሽ?»

«ተነገረኝ በቃ። ድምፃችሁን ሳትሰማ ሂዱልኝ።»

ሽማግሌው ዞረው ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ከኋላ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «ወይ አንጀት! ይሄን ሁሉ እንዴት ቻለችው?» ስትል ስንዱ ሰማች። ጥንካሬ መስሏቸው ነው ብላ አፈረች። መርዶ ነጋሪን ከደጅ የመለሰች ሴት፣ በወንድሟ ሞት ላይ በር የዘጋች።

ኀፍረቱ በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ወይዘሮ ዘርፌ በዳበሳ በሶ እየቋጠሩ፣ «ለክንፈ ላኪለት፤ በረሃ ላይ እንደ በሶ የሚሆነው የለም። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው» ይሏታል። ስንዱ «እሺ እማዬ» ትላለች፣ ቋጠሮውን ጓዳ ከጤፉ ማዳበሪያ ጀርባ ትደብቀዋለች፣ ከዚያ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ትመለሳለች። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሴቶች እጇን ይዘው ሳይናገሩ እንባቸው ሲመጣ፣ ለአንድ ወንድም ይህን ያህል ማዘናቸው ይገርማታል።

ደጀኔ ከመኝታ ቤት አይወጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አያስልም፣ አያንኮራፋም። የምታቀርብለት ምግብ እንደቀረበ ያድራል። ለዳማ ብትሰጠው፣ አጥንት ከእጅ ነጥቆ የሚበላው ውሻ አሽትቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ያ ዳማ እኮ የደጀኔን መኪና ገና ከመታጠፊያው ለይቶ፣ በደስታ ራሱን መግዛት አቅቶት በረንዳውን በሽንቱ የሚያርስ ነበር! አሁን ወደ አልጋው የሚመጣው በስንዱ በኩል ብቻ ነው። በጨለማው ውስጥ እርጥብ አፍንጫውን አንገቷ ሥር ይሸጉጥና ብርድ ልብሱን በጥርሱ ነክሶ ከአልጋው ሊያወርዳት ይጎትታል። ዛሬ ከትናንት ቀድሞ፣ ነገ ከዛሬ ቀድሞ። አንሶላውን ብታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ብታውለው፣ ማታ ስትገባበት ያው እርጥብ አፈር ይሸታታል። ሐዘን ነው ትላለች፤ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።

«ውሻውን ዝም አሰኚው» ይላታል ደጀኔ ከግድግዳው ሳይዞር። «ያጋልጠኛል።»

አንድ ጎሕ በነጠላ ጫማ መታችው። ዳማ አልጮኸም፤ አልሸሸምም። ብርድ ልብሱን እንደነከሰ ዓይን ዓይኗን እያየ ቆመ፤ እጇ በኀፍረት ወደቀ።

ፋሻው ተፈታ። ወይዘሮ ዘርፌ ልጃቸውን በደብዛዛው አይተው፣ «ከሳሽብኝ እኮ!» አሉ። ሐኪሙ ቁስሉ እንደዳነ ነገራት። ስንዱ መርዶውን መጥተው እንዲነግሩ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ላከች።

በማግስቱ ዳማ ከምንጊዜውም ቀድሞ መጣ። የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ እስከ ሳሎኑ ጎተታት፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ጋደም አለ። ፀጉሩ ቆሟል።

ሲነጋ መርዶ ነጋሪዎቹ ገቡ፤ እናትየውን ከበቧቸው። «ልጄን!» የሚለው ጩኸት ቤቱን ሲሞላው ስንዱም ያፈነችውን ሁሉ ለቀቀችው፤ «ክንፈ! ወንድሜ፣ ጋሻዬ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ጋሽ ወንድይፍራው ክንዷን ያዙ።

«አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ። ለደጀኔም አልቅሺለት እንጂ። እናትሽን ብለሽ ለባልሽ ሳታለቅሺለት ይህን ያህል መቆየትሽ አገር ጉድ ያለው ነው። ሁለቱንም እዚያው በረሃው ላይ ባንድ ቀን ነው የቀበርናቸው። ያን ዕለት አላስጨረስሽኝም እንጂ...»

የስንዱ እንባ ቀጥ አለ። ደፉ ላይ ዳማ ማልቀስ በመሰለ ድምፅ አላዘነ። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አልጋው ሲጥጥ ብሎ፣ የለመደችው ያ ያፈረ ድምፅ ቀስ ብሎ ጠየቃት፦ «ስንዱ፣ ሄዱልሽ?»