ያልደረሰው ማስታወሻ

ገርባ ከተማ ከጨው ሜዳው ሥር አሥራ አንድ ፎቅ ወደ ታች ትወርዳለች። ላይ ያለው ሙቀት ስድሳ ዲግሪ ስለሚደርስ ሰው ፀሐይን የሚያያት በስክሪን ብቻ ነው። ቅዝቃዜውን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው «ሊቁ» ነው። ሊቁ የከተማዋ መረጃ ቋት ነው፤ የነዋሪውን፣ የክፍሉንና የአየሩን መዝገብ ሁሉ ይዞ፣ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል።

እልፍነሽ ለሊቁ ትእዛዝ ስትጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በድምፅ ማዘዝ ስንት መዘዝ ካመጣ በኋላ ቀርቷል። አሁን ትእዛዝ የሚጻፈው በጥቁር ስክሪን ላይ መስመር በመስመር ነው፤ የተጻፈውን ለሊቁ የሚያደርሰው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ «አድራሽ» ይባላል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዶክተር ሐንፈሬ ከዘጠነኛው ፎቅ ደወለ።

«እልፍነሽ፣ ክፍል አሥራ አራት ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገብቷል። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስትም እየተከተሉት ነው።»

«ሰው አለባቸው?»

«የፈውስ እንቅልፍ ላይ ያሉ ሦስት ሕሙማን አሉ። አልጋቸው ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ነው፤ ማንቃቱ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። አርባ ሁለት ከደረሰ አይተርፉም።»

«ስንት ጊዜ አለን?»

«አርባ ደቂቃ። ቢበዛ።»

እልፍነሽ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ቅዝቃዜውን ለምን እንደዘጋው ሊቁን ጠየቀችው።

«ሠላሳ ቀን ሰው ያልተንቀሳቀሰበት ክፍል ባዶ ነው፤ ባዶ ክፍል ይዘጋል። የዛሬ ጠዋት ትእዛዜ ይኸው ነው» አለ ሊቁ።

ክፈት አለችው፤ ከፈተ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ዘጋው። የዘወትሩ ትእዛዝ በየሩብ ሰዓቱ ስለሚደገም የእሷን አንድ ቃል ይሽረዋል። ትእዛዙን ጨርሳ እንዳታጠፋው ደግሞ ቅዝቃዜው በስድስት መቶ ባዶ ክፍሎች ይበተንና ሕዝቡ የሚኖርበት ፎቅ ሁሉ ይግላል።

ነገሩ ግራ ገባት። ይህ ትእዛዝ በየማለዳው ሲላክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሕሙማኑ ክፍል ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ጽሑፉን አወጣችው። አሥራ አንድ መስመር ነው፤ ፊደል እንኳ አልተነካም። ከዚያ ሊቁን «የደረሰህን አሳየኝ» አለችው።

ሰባት መስመር።

የጎደሉት አራቱ መስመሮች ማስታወሻ ነበሩ። በትእዛዝ ውስጥ በስላሽና በኮከብ ምልክት ታጥሮ የሚጻፍ ቃል ለአንባቢ ሰው ነው፤ ቋቱ አይፈጽመውም። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ይህንን ነው። እልፍነሽም እነዚያን አራት መስመሮች ለዓመታት ዓይኗ እየዘለላቸው አልፋለች። አሁን አነበበቻቸው።

«ሊቁ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ያሉት ያልተንቀሳቀሱት
ስለሌሉ አይደለም። ተኝተው እየዳኑ ነው።
እባክህ፣ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት አትዝጋባቸው።
አፀደ።»

አፀደ ያስተማረቻት ሴት ነበረች። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል።

የትእዛዝ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ከኋላዋ ቆመው ነበር። «አድራሽን ትናንት ከሰዓት በአዲስ ቀይረነዋል» አሉ። «ጭነቱ እንዲቀል ማስታወሻ እያወለቀ ነው የሚልከው። ማስታወሻ ለማሽን ምን ያደርግለታል?»

«ሲያነበው ኖሯላ፣ ጋሼ!»

«ደንቡ አያነብም ይላል።»

«ደንቡ ይበል። ሦስት ሰው ሊሞት ነው።»

አድራሽን ዘግታ «ማስታወሻ ይለፍ» የሚለውን ምርጫ ጨምራ እንደገና አስነሣችው። ሊቁ እንዳይጠራጠር ብላ በመጨረሻው መስመር ላይ ሌላውን የማስታወሻ ምልክት፣ ሁለት ሰረዝ፣ አድርጋ «እውነቷን ነው። እልፍነሽ» የሚል የራሷን ቃል አከለችና ላከችው።

ስክሪኑ ቀላ። ትእዛዙ ሳይፈጸም ተመለሰ።

«አርባ ነጥብ ሦስት» አለ ሐንፈሬ በስልኩ።

መስመር በመስመር ወረደች። የአፀደ ቃል ደኅና ነው፤ ስሕተቱ የራሷ ነው። ከሁለቱ ሰረዝ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካልተተወ ሊቁ ማስታወሻ መሆኑን አይለይም፤ ሰረዞቹን የመቀነስ ምልክት ያደርጋቸዋል። በችኮላ ቃሉን ከሰረዙ ጋር አጣብቃዋለች።

«አርባ አንድ። እልፍነሽ፣ ምን ላድርግ?»

«እርጥብ ጨርቅ አልብሳቸው። አጠገባቸው ሁን።»

ክፍት ቦታውን አስገባች። ዳግም አንብባ ላከች። አሥራ አንድ መስመር ደረሰ። ከሥሯ፣ ከሩቅ፣ የአየር በሮች ሲከፈቱ ወለሉ ነዘረ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «አርባ» አለ ሐንፈሬ። «እየወረደ ነው። ሦስቱም ይተነፍሳሉ።»

እልፍነሽ አላረፈችም። የሰው ሕይወት በማስታወሻ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የሕሙማኑ ክፍሎች እንዳይዘጉ የሚለውን ዋናው ትእዛዝ ውስጥ አስገባችው። ያን ስትጨርስ ወደ ሊቁ ተመለሰች።

«ማስታወሻ እንድታነብ ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ይመጣል፣ አነበዋለሁ። ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ዛሬ ሲቀር ለምን አልጠየቅህም?»

ሊቁ እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ሐሳባችሁን የቀየራችሁ መስሎኝ። የዘጠና ዓመት መዝገባችሁ እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ትራራላችሁ፣ ቆይቶ ትተዉታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስሕተት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።»

አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቀሉ። እልፍነሽ ግን መጻፍ ጀመረች፤ በማስታወሻ ሳይሆን በትእዛዝ፦ ከሰው ላይ የሚቀነስ ነገር ሲኖርና ምክንያቱ ሳይጻፍ ሲቀር፣ ከመፈጸምህ በፊት ጠይቅ።

«ያለፈውንም?» አለ ሊቁ።

እልፍነሽ ኃላፊዋን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው አንዴ ብቻ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያለፈውንም» አለች።

ጥያቄዎቹ በስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው፦ «የሦስተኛ ፎቅ አዛውንቶች የማንበቢያ መብራት ከስድስት ዓመት በፊት ተቀንሷል። አስባችሁበት ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ።

«አላሰብንበትም ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ቀጥዪ።»