ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነበር

ኤሌክትሪሺያኑ ከመብራት ሳጥኑ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መፍቻው ከእጁ አልራቀም፤ ከጎኑ ግማሹ የተጠጣ የውሃ ብርጭቆ አለ። የቤቱ ዋና ፊውዝ ደግሞ፣ እንደ ልማዱ፣ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ሥራ ሲጀምር ይነቅለውና «ኪሴ ውስጥ እያለ ማን ይገድለኛል?» ይል ነበር። ይኸው፣ ኪሱ ውስጥ እያለ ሞተ።

መርማሪዋ መጣች። ቀጭን ስለሆነችና በጥያቄዋ ስለምትወጋ ሰው ሁሉ «መርፌ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም።

ቤቱ ውስጥ ያሉት አከራይቱ፣ ፎቅ የተከራየው ፀጉር አስተካካይና የሟች ሚስት ናቸው። ሚስቲቱ መሰላል የምትይዝለት የሥራ ጓደኛውም ነበረች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ገና ያልተከፈተ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ በጣቷ ታዞራለች። አታለቅስም።

«እንባ እንኳ የላትም!» አለች አከራይቱ። «ቦርሳዋን ፈትሺው የኔ ልጅ፣ ትርፍ ፊውዝ አለ። ሰክታ ገደለችው፣ ከዚያ ነቀለችው። ጠዋት ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

መርፌ ከሚስቲቱ አጠገብ ተቀመጠች። «በምን ተጣላችሁ፣ እህቴ?»

«ሞክር እያልኩት። ሽቦው መብራት እንደሌለው በቴስተር አንዴ ከሞከረ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ድጋሚ አይሞክርም።»

«ከዚያስ?»

«ናስትሮ አለቀ፣ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ተቆልፏል። መጥሪያውን ተጫንኩ፤ እሱ ከፈተልኝ።» ፀጉር አስተካካዩን በአገጯ አሳየች። «ስገባ ወድቋል።»

«አንተስ ወንድሜ?»

«እኔማ ለጥ ብዬ ተኝቼ! መጥሪያው ነው የቀሰቀሰኝ። መብራት ከሌለ ፀጉር አስተካካይ ምን ይሠራል?»

መርፌ ፊቱን አየችው። ቀኝ ጉንጩ እንደ ሳህን ጠርቷል፤ ግራው ጢም በጢም ነው።

«እትዬ፣ እርስዎስ መጥሪያውን ሰምተዋል?»

«ጆሮ ይበሳል እኮ!»

መርፌ ወንበር ላይ ወጥታ መጥሪያውን ፈታችው። ባትሪ የለውም፤ ሽቦው ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። ፎቅ ወጥታ፣ አንድ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ተመለሰችና ሁሉንም ሳጥኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መጥሪያ ያለ መብራት አይጮኽም» አለች። «ሲጮኽ ግን ሚስቲቱ ከተቆለፈ በር ውጭ ነበረች። እትዬ፣ ከገባች ወዲህ ከዓይንዎ ጠፍታለች?»

«የት አባቷ ትሄዳለች፣ እጇን ይዣት!»

«የፊውዙ ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። ታዲያ ትርፉን መቼ ነቀለችው? መብራቱ የመጣው ከመንገድ አይደለም፤ ከዚሁ ከቤት ነው።» እጇን ዘረጋች፤ ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ነው። «ፍራሽህ ሥር አገኘሁት። አንዱ ጫፍ መብራት ሲጠፋ ማሽንህን በምታሠራበት ትልቅ ባትሪ ላይ፣ ሌላው የግድግዳው ሶኬት ላይ። ቤቱ ሙሉ መብራት ያገኛል፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ሟች ሞክሮ ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል ሰካኸው። ጢምህን በማሽን ስትላጭ መጥሪያው ጮኸ። ወርደህ ከፈትክ፣ ወድቆ አየኸው፣ ሮጠህ ነቀልከው።»

ፀጉር አስተካካዩ ያልተላጨውን ጉንጩን በእጁ ሸፈነ። «አላወቅኩም።»

«ስትሰካው አላወቅክም፤ አምንሃለሁ። ፍራሽ ሥር ስትከተው ግን አውቀሃል። እሷ ታስራ ስትሄድ በመስኮት ልታይ ነበር።»

አከራይቱ የሚስቲቱን እጅ ለቀቀች።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ፖሊሱ የበሩን መጥሪያ ሲጫን በመስኮቱ ታየ። ጣቱን አነሳ፤ ደግሞ ተጫነ። ምንም።

ሚስቲቱ ተነሳች።

«እኔ ልክፈትለት» አለች። «አይጮኽም። ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነው።»