ያበጠው እግርና የታሰረው ጫማ

ሟቹ በብረት ሥራ ግቢው በር ሥር ተዘርሯል። የራስ ቅሉ ከኋላ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ሦስተኛው ምት ቀኝ ጆሮውን አንጠልጥሎታል። ከጎኑ የወደቀው የብረት ውሃ ቱቦ ጫፍ ላይ ጸጉር ተጣብቋል። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የሟቹ ልጅ እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። እጅጌው እስከ ክርኑ ደም ነው፤ አባቱን አገላብጦ ትንፋሹን ሲያዳምጥ ነው ፖሊሶች የያዙት። አጥር የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ሳትጠራ መጣች።

«ጠዋት ነው፤ ልጁ አባቱን ‹ትሞታለህ! ነግሬሃለሁ፣ ትሞታለህ!› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ መቼም በሰው ላይ ክፉ መናገር አልወድም።»

«ባይወዱም ይችሉበታል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ እየጻፈች።

እናትየዋ ከገበያ የተመለሰችው ቱቦው ተጠቅልሎ ከተነሳ በኋላ ነበር። ልጇ ስልክ ሳያነሳ ሲቀር እንኳ ሬሳው የሚታያት ሴት ናት። ካቴናውን አየች። ኢንስፔክተሯን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ልጁን ፍቱት።»

«በምን መቱት?»

«በመዶሻ።»

«መዶሻ አይደለም፣ እናቴ። ሄደው ይቀመጡ።»

ኢንስፔክተሯ ከሬሳው አጠገብ በርከክ አለች። ሱሪው ደም ተረጭቶበታል። ባለማሰሪያው ጥቁር ጫማ ግን ጠብታም የለበትም። የግራው ስፌት ተተርትሯል፤ ማሰሪያው ድርብ ቋጠሮ ነው። ፈትታ ስታወልቀው ካልሲ የለም፤ በጣቶቹ መሃል ደም ደርቋል። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ከባቱ ጋር እኩል ሆኗል። በአውራ ጣቷ ጫነችው፤ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ሳይሞላ ቀረ።

ከግቢው ጀርባ ባለው ማረፊያ ክፍል የሲሚንቶ ወለሉ ገና እርጥብ ነበር። ትራስ የተደረገበት የእግር ማሳረፊያ በርጩማ አጠገብ ሰፊ ክፍት ጫማ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ አምሎዲፒን የሚባል የደም ግፊት ክኒን አገኘች፤ ባለ ዐሥር ሚሊግራም ነው። በማሸጊያው ጀርባ ቀናት ተጽፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ክኒኖች አልተነኩም። ክኒኑን ወዳዘዘለት ሐኪም ደወለች።

«እብጠቱ ከክኒኑ ነው» አላት ሐኪሙ። «የደም ሥርን አላልቶ ግፊቱን ያወርዳል፤ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ፈሳሽ ወደ እግር ይወርዳል። ከአምስት ወደ ዐሥር ካሳደግኩለት ወዲህ ባሰበት። እግርህን ከፍ አድርገህ አሳርፍ፣ ክኒኑን ግን በራስህ እንዳታቆም ብዬዋለሁ። ሰኞ ልለውጥለት ቀጥሬው ነበር።»

«ሦስት ቀን ቢያቆም እብጠቱ ይጎድላል?»

«በዚህ ፍጥነት አይጎድልም።»

የሟቹ ሠራተኛ የሆነው በያጅ ከምሳ ተመልሶ በር ላይ ቆሟል።

«አለቃህ ምን ዓይነት ጫማ ያደርግ ነበር?»

«ሁለት ወር ሙሉ ያንን ክፍት ጫማ ነው። ሌላው አልገባ አለው። በሆዳችን ‹ዝሆኑ መጣ› እንል ነበር።»

«በሆዳችሁ ብቻ?»

«አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ። መሮ ወረወረብኝ።» በያጁ ሳቅ ሊል ሞከረና ፊቱን አዞረ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአራት ወር መንገድ በኋላ የመጣው ዛሬ ረፋድ ላይ ነበር።

«ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፣ ‹ደርሼ መጣሁ› ብሎኝ ወጣ። እኔ ጋደም አልኩ። በር ላይ ሌባ ጠብቆት ይሆናል።»

«ክፍት ጫማውን አላደረገም?»

«በነጠላ ጫማ ከቤት የሚወጣ ሰው አይደለም። ወንድሜን አያውቁትም።»

ሁሉንም ግቢው ውስጥ በቆመው የሾፌሩ መኪና አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ልጁ በሁለት ፖሊሶች መሃል ነበር። እናቱ ዓይኗን ከካቴናው አልነቀለችም።

«‹ትሞታለህ› ያልከው ለምንድን ነው?» ስትል ኢንስፔክተሯ ልጁን ጠየቀችው።

«ክኒኑን አቁሞ ነበር። ‹እግሬን ግንድ አደረገው› አለኝ። ግፊቱ ይገድልሃል፣ ትሞታለህ አልኩት። ሰሚ አጣሁ።»

«ዛቻ ሳይሆን ልመና ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ የተመታው በር ላይ አይደለም። እግሩን ሰቅሎ ባረፈበት ክፍል ውስጥ ነው። ባዶ እግሩ ስለነበር ደሙ ጣቶቹ መሃል ገባ፤ ንጹሑ ጫማ ከሞተ በኋላ የተደረገለት ነው። ገዳዩ ሬሳውን በር ድረስ ጎተተ፤ የወጣ ሰው ለማስመሰል ጫማ አጠለቀለት፣ ወለሉንም አጠበ። ሚስቱ፣ ልጁና በያጁ ይህ ጫማ እንደማይገባው ያውቃሉ። እነሱ ቢሆኑ ክፍቱን ያደርጉለት ነበር። የማያውቀው አንድ ሰው ነው። እሱም ሟቹ ጎንበስ ብሎ ሲያስር አየሁ አለኝ።»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«መኪናህን አፍንጫውን ከግድግዳ አስጠግተህ ያቆምከው ምን ልትደብቅ ነው? የፊት መከላከያው ተጨራምቷል፤ ጨርቅና ደም ተጣብቆበታል።»

ሾፌሩ ከብየዳው ጠረጴዛ ላይ ፌሮ ብረት አፈፍ አደረገ። የመጀመሪያው ምት የአንዱን ፖሊስ ክንድ ሰበረ፤ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ተሰማ። ሁለተኛውን ወደ ኢንስፔክተሯ ሲሰነዝር በያጁ ከጎን ገብቶ በትከሻው ገጨው፤ ተያይዘው ወደቁ። የሾፌሩ ፊት ከሲሚንቶው ተላተመ፣ ሁለት ጥርሱ ወለቀ።

«መንገድ ላይ ሰው ገጭቼ አመለጥኩ» አለ፣ ደም እየተፋ። «ወንድሜን መከላከያውን ቆርጠህ ቀይርልኝ አልኩት። ‹ና፣ አብሬህ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩን ሲፈልግ ቱቦው እጄ ላይ ነበር።»

ወሰዱት። የልጁ ካቴና ተፈታ። እናቱ ደረቱ ላይ ተለጠፈች፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም።

«‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብለሽ ነበር አሉ።»

«ላድንህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ከምን? ምንም አላደረግኩም እኮ።» ፊቷን አየው። «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነው።»

«ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ታውቀኛለህ።»

«እኔን ስታይም?»

ልጁ ቀስ ብሎ ከእቅፏ ወጣ፤ ባልዲ ሞልቶ አመጣና የአባቱን ደም ከበሩ ሥር ማጠብ ጀመረ። እናቱ ተንበርክካ ጨርቅ ያዘች። ቦታ ለቀቀላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።