የዘመድኩን ትእምርተ ስላቅ

«ስሙን እንኳ አታውቂውም» አለ ዘመድኩን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የተገለበጠ ቃለ አጋኖ በጣቱ እየነካ። «ትእምርተ ስላቅ ይባላል። ሰው ላይ ሙድ ስትይዢ መጨረሻው ላይ ታደርጊዋለሽ።»

ፈትሂያ መተየቧን ቀጠለች። የትምህርት ቤታቸውን መጽሔት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የምትተይበው እሷ ናት። ዋና አዘጋጅ ተብሎ የተመረጠው ዘመድኩን ግን የምልክት ስም ከማነብነብ በቀር አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። ደግሞ ሲኮራ።

ዛሬ ይባስ ብሎ የሰፍያን ጽሑፍ በራሱ ስም አምጥቷል። ሰፍያ የፈትሂያ የክፍል ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር በርበሬ ስትለቅም ውላ፣ በዚያው እጇ ዓይኗን ነክታ እንዴት እንዳለቀሰች ነው የጻፈችው። ዘመድኩን በርበሬን የሚያውቀው ወጥ ውስጥ ነው። ወልቂጤ ለሚደረገው የጽሑፍ ውድድር የሚላከው ደግሞ ስሙ ከጽሑፉ ሥር የወጣው ተማሪ ነው።

«ሰፍያ ታውቃለች?»

«እሷ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም። ወልቂጤ ሄዳ ምን ልታደርግ? ባክሽ አታካብጂ» አለና መጽሔቱን ለማሳተም የሚወስድበትን ፍላሽ ሊያመጣ ወጣ።

ፈትሂያ ወዲያው ከስሙ አጠገብ ያንን ምልክት አስገባች። «ዘመድኩን¡» ይላል አሁን። ሳቋ መጣ። ራሱ ባስተማራት ምልክት መሳቂያ ሊሆን ነው።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። መጽሔቱ የሚታተመው በአምስት ቅጂ ብቻ ነው። ሌላው ተማሪ የሚሰማው ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሰልፍ ላይ ሲነበብ ነው፤ የምታነበውም ራሷ ፈትሂያ ናት። ምልክት ደግሞ በማይክ አይሰማም። እሷ «በዘመድኩን» ትላለች፣ ተማሪው ያጨበጭባል፣ ሰፍያም ሰልፉ መሀል ቆማ አብራ ታጨበጭባለች። ፈትሂያ በራሷ አፈረች። ሌባውን ተደብቃ ሰድባ፣ በአደባባይ ልታስጨበጭብለት ነበር።

ምልክቱን አጠፋች። ስሙንም አጠፋችና በቦታው «ሰፍያ ከድሮ፣ 10ኛ ለ» ብላ ጻፈች።

ዘመድኩን ተመልሶ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። «ጨረስሽ?»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቀይሪው።»

«ወላሂ አልቀይርም። ሰኞ የማነበውም ይህንኑ ነው።»

ፍላሹን አንስታ ሰካችው።