የሌላ ሰው ጀረማያ

ቤተሰቡ በየዓመቱ አበባ ሲያኖር የኖረው በሌላ ሰው መቃብር ላይ ነበር። ቴስ ይህን ያወቀችው በግንቦት መገባደጃ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ተነክሮ፣ መኮትኮቻ በእጇ እንደያዘች ነው። ምስጢር ፍለጋ አልወጣችም። የወጣችው ድንጋይ ልታጥብ ነበር።

ድንጋዩ የጀረማያ ሃሪንግተን ነው። ከአየርላንድ መጥቶ በዚህች ቢዩት በምትባል የማዕድን ከተማ መዳብ ሲቆፍር የኖረ፣ ጉድጓዱ በእሳት በተያያዘ ጊዜ አንዴ በሰላም ከወጣ በኋላ ጓደኞቹን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ እዚያው የቀረ ሰው። ለቴስ አያት አያታቸው ነው። እሳቸውም ስማቸው ጀረማያ ሃሪንግተን ነው። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፤ አየርላንዶቹ ሻንጣ ባይኖራቸውም ይህን ሕግ ይዘው ነው የመጡት። በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ ዘመድ ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል፤ አያቷ የእሳቱን ታሪክ ይናገራሉ፣ ሕፃናቱ ያዛጋሉ፣ ከዚያ ወደ ምሳ ይኬዳል።

ዘንድሮ አያቷ አዲስ ነገር አመጡ። ሳንባቸው ከድቷቸዋል፤ ውለው የሚያድሩት የኦክስጂን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንደተሰካ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ጠራቢ አነጋገሩ። ማክሰኞ መጥቶ በዚያው ድንጋይ ላይ የተወለዱበትን ዓመት ይቀርጽላቸዋል፤ የሚሞቱበትን ደግሞ ቦታ ትቶለት ይሄዳል። «ስሜማ ድሮም ተጽፏል» ብለው በጠራቢው ቀለዱበት፤ «አንተ ቁጥር ብቻ ነው የምትጨምረው።» ጠራቢው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ወደ መሬት ስለሰመጠ እንዲለካው ዙሪያው ይቆፈርለት።

ቆፋሪዎቹ ቴስና የአክስቷ ልጅ ኪራ ናቸው። ማለትም ቴስ ትቆፍራለች፣ ኪራ ባልዲ ይዛ ትቆማለች።

«ቶሎ በያ ቴስ፣ በብርድ አለቅኩ እኮ» አለች ኪራ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

«መኮትኮቻውን ልስጥሽ፣ ትሞቂያለሽ።»

«ጥፍሬን ትናንት ነው የተሠራሁት። ይለፈኝ።»

አያቷ በመካነ መቃብሩ በር አጠገብ የቆመው መኪና ውስጥ ሆነው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«እንዴት ነው ቤቴ?»

«እየታጠበ ነው፣ አባባ።»

«ጀርባውንም ፈትጊው። ሰውዬው ከሞተ ወዲህ ጀርባውን የሚፈትግለት አላገኘም።» ከዚያ ሳላቸው መጣ፤ መስታወቱ ተዘጋ።

ቴስ ጭቃውን ስትገፋ ፊደል ብቅ አለ። ውኃ ደፋችበት፤ በብሩሽ ፈተገችው። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው መስመር ነው። «የኢየሪስ ደብር ተወላጅ» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ «በአሜሪካ ብቸኛ ዘመዱ፣ ወንድሙ ማይክል አቆመለት።»

ደግማ አነበበችው። የእነሱ ጀረማያ የአሊሂስ ሰው ነው። አሊሂስና ኢየሪስ ጎረቤት ደብሮች ናቸው፤ ግን በአያቷ አፍ «የኢየሪስ ሰው» ማለት ራሱ ቀላል ስድብ ነው። ይህም ይቅር። የእነሱ ጀረማያ ሆኖራ የምትባል ሚስት ነበረችው፣ አራት ልጆችም ነበሩት። ሁሉም እዚሁ ከተማ ውስጥ።

«ኪራ፣ ነይ እስቲ ይሄን አንብቢ።»

ኪራ ጎንበስ ብላ አነበበች። «እና? ወንድሙ ሚስቱን ረስቷት ይሆናል።»

«አራቱንም ልጆች?»

«ወንድ አይደል? ምን ታውቂያለሽ።» ግን ስልኳን ኪሷ ከተተች። ቀና ብላ መኪናውን አየች፣ ከዚያ ቴስን። «ስሚኝ። መልሰሽ ድፈኚው።»

«ማክሰኞ ጠራቢው ያየዋል።»

«ያኔ የጠራቢው ጣጣ ነው። አባባን አይተሻቸዋል? ደረጃ መውጣት እንኳ አቅቷቸዋል። እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም።» ባልዲዋን አንስታ ወደ መኪናው ሄደች።

ቴስ ድንጋዩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ግራና ቀኙን አየች። በሁለቱም በኩል ሣር ብቻ ነው። ሆኖራ የተቀበረችው ከመንገዱ ማዶ፣ በሌላኛው ጫፍ ነው። ቴስ በልጅነቷ ለምን ብላ ስትጠይቅ «እዚህ ቦታ ስለጠፋ» ነበር የተባለችው። አልጠፋም። ሦስት ሚስት የሚያስቀብር ቦታ ነበር።

እቤት ሲደርሱ አያቷን ደግፋ በጓሮው በረንዳ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቀለለችላቸው። ኪራ ከመኪናው ሳትወርድ እናቴ ዘንድ መሄድ አለብኝ ብላ ነድታ ሄደች። ወጥ ቤት ውስጥ ፔግ ለሰኞው የመታሰቢያ ምሳ ድንች ይልጣሉ። ፔግ የአያቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሳያገቡ ወንድማቸውን ሲጦሩ የኖሩ፣ ምላሳቸው ከቢላቸው የማያንስ ሴት። ቴስ በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው።

ፔግ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ስልኩን አነሱ። ብዙ አላዩትም።

«ይሰምጥልናል ብለን ነበር» አሉ።

«ብለን? እነማን?»

«ሴቶቹ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ያረጁ መሰሉ። «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሳንባው እንጂ ጆሮው አልደከመም።»

ከዚያ ነገሯት፤ ድንቹን እየላጡ፣ እንደ ሰለቸ ሰው። የሆኖራ ባል በአንድ ክረምት ወደ ባሕሩ ዳር ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጣ። ደብዳቤ የለ፣ ቃል የለ። ጥቂት ቆይቶ ማዕድኑ ተቃጠለ። ቄሱ የሟቾቹን ስም ከመሠዊያው አነበቡ፤ አንዱ ጀረማያ ሃሪንግተን ነበር።

«በዚያ ዘመን በየመንገዱ አንድ ጀረማያ ሃሪንግተን ነበር» አሉ ፔግ። «ሁሉም ከአየርላንድ ከአንዲት ባሕረ ገብ መሬት የመጡ፣ ሁሉም በአያታቸው ስም የተጠሩ። ሰው የሚለያቸው በቅጽል ስም ነው፤ ቀዩ፣ አንካሳው፣ የመበለቷ ልጅ። ቄስ ግን ቅጽል ስም አያነብም። የሰፈሩ ሴቶች ዳቦና ሥጋ ተሸክመው ሊያስተዛዝኑ ሲመጡ የሄዱት ሆኖራ በር ላይ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷስ ምን? አራት የተራቡ ልጆች ቀሚሷን ይዘው ቆመዋል። ‘አልሞተም፣ ጥሎኝ ነው የሄደው’ ብላ ዳቦውን ትመልሰው?»

ፔግ ሌላ ድንች አነሱ።

«መበለትን ደብሩ ያበላታል። ባሏ ጥሏት የሄደን ሴት ደብሩ ይበላታል።»

«ማይክልስ? ወንድሙ ያውቃል።»

«መጣ። ባርኔጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ልጆቹን አየ፤ ተመልሶ ሄደ። እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተነፈሰም።»

«የእኛውስ?»

«ሲያትል ሞተ። አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ፣ ከሌላ ሚስት ጋር።» ፔግ የድንች ልጣጩን በቢላቸው ጫፍ ገፋ አደረጉ። «ሆኖራ ስትሞት ልጆቿ እዚያ ድንጋይ አጠገብ ሊቀብሯት ነበር። ‘ከማላውቀው ወንድ ጎን አልተኛም’ ብላ ሴት ልጇን አስጠንቅቃለች። ይህን ያህል ጨዋነት ነበራት።»

ቴስ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«ለአባባ ለምን አልተነገራቸውም?»

«ወንዶቹ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚወርድ ሰው የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል። አያትሽ ገና ጢም ሳያወጣ ሲወርድ የዚያን ሰው ስም ይዞ ነው የወረደው። ዕድሜ ልኩን ‘እኔ የጀረማያ ልጅ ልጅ ነኝ’ ሲል ኖሯል። ልክ ነው፤ የጀረማያ ልጅ ልጅ ነው። ማነው አሁን ‘የትኛው’ የሚለው?»

«እማማ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ተራሽ አልደረሰማ።»

ቴስ እናቷን አሰበች፤ ከሆስፒታል የሌሊት ተራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ የምትወድቀውን እናቷን፤ በየዓመቱ አበባውን ይዛ አያቷ አጠገብ የምትቆመውን። አንድም ጊዜ ፊቷ ላይ ነገር አይታ አታውቅም።

ፔግ ቢላቸውን አስቀመጡ። «አበባው ማንንም አይጎዳም። ያ ምስኪንም ሌላ አበባ የሚያመጣለት አልነበረውም። ድንጋዩ ላይ መጻፉ ግን… ጠራቢውን ካነጋገረ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ አድርጊልኝ። ተሰንጥቋል በይው። አንቺ ነሽ የቆፈርሽው፣ ያምንሻል። መዶሻ ካረፈበት ይፈርሳል በይው። ሆኖራ ጎን ቦታ አለ፤ እዚያ አዲስ ድንጋይ እናቆምለታለን። ደስ ብሎት ይሄዳል።»

ውሸቱ ጥሩ ውሸት ነበር። ቴስ ይህን አልካደችም። ትንሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንም አያለቅስም። አያቷ የቀራቸው አንድ ክረምት ነው፣ ምናልባትም አይሞላም፤ አሁን ስማቸው ልጆቹን ጥሎ የሄደ ሰው ስም ነው ተብሎ ቢነገራቸው ምን ይሆናሉ? ልባቸውን ሊሰብረው ይችላል። ዳግመኛ በዓይናቸው ላያዩአት ይችላሉ።

ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት አሰበች፣ የዚያንም ቀጣይ። ብሩሽና ባልዲ። ከዚያ አንድ ቀን ይህችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጉልበቷ የጨቀየ ሌላ ልጅ።

«ምስጢሩን የያዝኩት ከጠዋት ጀምሮ ብቻ ነው» አለች። «ከአሁኑ ደከመኝ፣ አክስቴ።»

«ትለምጂዋለሽ» አሉ ፔግ። በክፋት አይደለም። እጇንም መታ መታ አደረጉላት።

ከበረንዳው የአያቷ ድምፅ መጣ። «እዚህ ቤት ውስጥ ሻይ የሚባል ነገር ቀርቷል? ወይስ እኔም ሞቻለሁ?»

«አፍህማ አልሞተም» ብለው መለሱ ፔግ። ተነስተው ሻዩን ቀዱ፣ ወተት ጨመሩበት፣ ስኒውን ለቴስ አቀበሏት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተሰንጥቋል። አንድ ቃል ናት» አሉ።

ቴስ ስኒውን ተቀበለች። በሌላ እጇ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች።

ፔግ ስልኩን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ቴስ። ልጄ።»

«መነጽራቸው የት ነው?» አለች ቴስ። «ጽሑፉ ደቃቅ ነው።»

ፔግ ተቀመጡ፤ አንድ ድንች አነሱ፤ አገላበጡት እንጂ አልላጡትም። ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። ቴስ ያ ቁጣ ይሁን እረፍት መለየት አልቻለችም፤ ቆማም አልጠበቀችም።

«ማቀዝቀዣው ላይ» አሉ በመጨረሻ።

መነጽሩን ከስልኩ ጋር አንድ ላይ ጨበጠች። ሻዩ ጣቷን ያቃጥላል። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፤ አያቷ ከወንበራቸው ዞር ብለው አዩዋት፣ ሊቀልዱም አፋቸውን ከፈቱ። ቴስ በተረከዟ በሩን ወደ ኋላ ገፍታ ዘጋችው።